ሳይታይ ስለ ጠፋ ሥዕል

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ብሂል በብዙ ነገር እውነት ነው። ነገር ግን የሰው ሥራ የሚጠፋው በመረሳት ብቻ አይደለም። ተጽፎም፣ ተሥሎም፣ ዓመታት ተደክሞበትም ከሰው ዓይን ሳይደርስ የሚጠፋ ሥራ አለ። የተረሳ ሥራ ቢያንስ አንድ ቀን ታውቆ ነበር፤ ሳይታይ የጠፋ ግን የሚረሳው ሰው እንኳ የለውም። የሁለቱ ልዩነት ምን እንደ ሆነ ለመመርመር ከጎጃም ቅኔ ቤት ተነሥቶ እስከ መስኮብ አገር መሄድ ያስፈልጋል።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ መካከል ያለችው ማንኩሳ፣ በንባብ ለሚያውቋት ሁሉ የበዛብህ አገር ናት። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ የቦጋለ መብራቱንና የውድነሽ በጣሙን ልጅ ከዚያ አስነሥተው ወደ ቤተ ክህነት ትምህርት ይሰዱታል። በዛብህ በደራሲ ብዕር የተፈጠረ ሰው ነው፤ የሄደበት መንገድ ግን የእውነት መንገድ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ በመለመን ወደ ዋሸራና ወደ ጎንጅ የወጣው ተማሪ ቍጥር የለውም። መጽሐፍ ያገኘው አንዱ በዛብህ ነው፤ የሌሎቹ ስማቸውም ቅኔያቸውም አብሯቸው ተቀብሯል።

የቅኔ ተማሪ ቀን ከዛፍ ሥር ወይም ከጫካ ዳር ብቻውን ተቀምጦ ቅኔ ሲቈጥር ይውላል፤ ማታ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም የተሳከረውን ምሥጢር አቅንቶ፣ የጐደለውን ቤት ሞልቶ ይሰጠዋል። ጉባኤ ቃናው ሁለት ቤት፣ ሥላሴው ስድስት ቤት፣ መወድሱ ስምንት ቤት ነው። ይህ ሁሉ የተደከመበት ነገር በማኅሌት ቆሞ አንድ ጊዜ ይባላል፤ ያን ጊዜም ምሥጢሩ የገባው ሊቅ «ይበል!» ይላል። ያንኑ ቅኔ ለሌላ በዓል ደግሞ ማምጣት ግን ነውር ነው። የዕለቱ ቅኔ ለዕለቱ ነውና።

ስለዚህ የባህሉ እንግዳ የሆነ ሰው፣ ቅኔ ሁሉ ሲወለድ የሚሞት መስሎት ያዝን ይሆናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ጊዜ ተሰምቶ ያለፈ ቅኔ ሥራውን ፈጽሟል፤ በሰሚው ልብ ወርቁ ተገልጧል። የሚያሳዝነው ቀኑን ሙሉ ተቈጥሮ፣ ማታ ሳይነገር፣ በዓሉም አልፎበት በተማሪው ሆድ የቀረው ነው። ሰሙ ተሠርቶ ወርቁ ያልፈሰሰበት ቅኔ ማለት እርሱ ነው።

ይህን የመሰለ ነገር በሲኒማ ዓለም ደርሷል። ሥዕል ነፍስ ያለው መስሎ የሚንቀሳቀስበት ፊልም እንዴት እንደሚሠራ ላላወቀ አንባቢ በጥቂቱ ማስረዳት ይገባል። ሠዓሊው አንዱን ሥዕል ከሌላው በጥቂት እያለያየ ይሠራል፤ እያንዳንዱም ለብቻው ፎቶግራፍ ይነሣል። በተለመደው ልክ በአንዲት ሰኮንድ 24 ፎቶግራፍ ያልፋልና፣ ለአንድ ደቂቃ 1,440 ያስፈልጋል ማለት ነው። በዚህ ላይ ደግሞ የጥንቱ የፊልም ጥቅል ከእሳት ጋር ዘመድ የሆነ፣ ቶሎ ተቀጣጣይ ነገር ነበረ። እጅግ የተደከመበት ሥራ እጅግ በሚነድ ነገር ላይ ታተመ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው የውጭ አገር ዘመን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ1933 ሚኻይል ጼኻኖቭስኪ የተባለ መስኮባዊ የፊልም ሠሪ፣ ፑሽኪን በ1830 የጻፈውን የቄሱንና የሠራተኛውን የባልዳን ተረት በተንቀሳቃሽ ሥዕል ለማሳየት በሌኒንግራድ ተነሣ። ዜማውን እንዲደርስለትም ገና ወጣት የነበረውን ዲሚትሪ ሾስታኮቪችን ያዘ። ፑሽኪን ለኢትዮጵያውያን ባዕድ ስም አይደለም። ቅድመ አያቱ አብራም ሐኒባል የሐበሻ ልጅ ነው የሚለው ነገር በአገራችን ጸንቶ ስለሚታመን፣ በአዲስ አበባ በስሙ የሚጠራ አደባባይ አለ፤ ሌሎች መርማሪዎች ግን ትውልዱን ከቻድ ሐይቅ አጠገብ ያደርጉታል።

ተረቱ እንዲህ ነው። ርካሽ ነገር የሚወድ አንድ ቄስ ወደ ገበያ ወጥቶ ሳለ ባልዳን አገኘና ምግብ አብሳይም፣ ፈረስ ጠባቂም፣ አናጢም እንዲሆነው ቀጠረው። ደመወዙ በዓመት መጨረሻ ከቄሱ ግንባር ላይ ሦስት ጊዜ በጣት መምታት ብቻ ነው። ባልዳ ግን ብርቱና ትጉ ሠራተኛ ሆነ፤ ቀኑ ሲደርስ ቄሱ ፈራ፤ ከማይቻል ሥራ ላይ ቢያሰማራው፣ ከአጋንንት ግብር ሰብስበህ አምጣ ብሎ ቢልከው፣ ያንንም በብልሃት ፈጽሞ ተመለሰ። በመጨረሻም ቄሱ በርካሽ የገዛውን ጉልበት በአእምሮው ከፈለ።

በሩሲያ የሕትመት መርማሪዎች ይህን ነገር በፈሩ ጊዜ፣ ዡኮቭስኪ የተባለው ባለቅኔ በ1840 ቄሱን ነጋዴ አድርጎ አሳተመው፤ ተረቱ እንደ ተጻፈው የታተመው በ1882 ነው። የቤተ ክህነት ሰው በዚህ ሊቈጣ አይገባውም። የሠራተኛን ደመወዝ የሚቀማ ሰው ጥምጥም ስለ ጠመጠመ ከተግሣጽ አያመልጥም፤ በአገራችንም ገንዘብ ወዳዱን ካህን በሰምና ወርቅ የወጉት የካህናቱ የራሳቸው ባለቅኔዎች ናቸው። ደግሞም ቄሱን ነጋዴ ማድረግ ነውሩን ከአንዱ ቤት አውጥቶ ከሌላው ቤት ማሳደር እንጂ ነውሩን ማራቅ አይደለም።

ፊልሙ ብዙ ከተሠራ በኋላ መከራ መጣበት። ሥራው ቀድሞም ሲጓተት ነበረ፤ በጥር 1936 ደግሞ «ፕራቭዳ» የተባለው ጋዜጣ የሾስታኮቪችን ኦፔራ በብርቱ ስለ ነቀፈ፣ በዜማው ደራሲ ላይ የመንግሥት ቍጣ መጣ። ፊልሙም ሳይፈጸም ቆመ፤ የተሠራውም በሌኒንግራድ በፊልም ድርጅቱ ቤት ተቀመጠ። በ1941 ጀርመኖች ከተማይቱን ከብበው በቦምብ ሲደበድቡ ቤቱ ተቃጠለ፤ ፊልሙም ነደደ። የተረፈው የጥቂት ደቂቃ ክፍል ብቻ ነው። እርሱም የገበያው ትዕይንት ነው። ግጥሙን የጻፈው አሌክሳንደር ቭቬዴንስኪም በዚያው ዓመት ተይዞ በእስረኞች ባቡር ውስጥ ሞተ። ገጣሚውና ሥዕሉ በአንድ ዓመት ጠፉ፤ ዛሬ የሚታየው ግን ሻጭና ገዢ የሚጯጯኹበት ገበያ ነው።

ዜማው ግን አልጠፋም። ሾስታኮቪች ኖታውን በወረቀት ጽፎት ነበርና፣ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ቫዲም ቢበርጋን የተባለው ደቀ መዝሙሩ የጐደለውን አሟልቶ ለሕዝብ ጆሮ አደረሰው። የመምህርን ጅምር ደቀ መዝሙር መፈጸሙ በቅኔ ቤት ላደገ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ሥዕሉ በአንድ ቤት ስለ ነበረ በአንድ እሳት ጠፋ፤ ዜማው በብራናችን ሥርዓት እንደሚደረገው ከእጅ ወደ እጅ ሊተላለፍ ስለ ቻለ ዳነ።

ከዚህ ጋር ሌላውን ጥፋት ማስተያየት ይጠቅማል። በ1917 ኪሪኖ ክሪስቲያኒ የተባለ ሰው በአርጀንቲና «ኤል አፖስቶል» ማለት «ሐዋርያው» የተባለ ረጅም የሥዕል ፊልም ሠራ፤ 58,000 ያህል ሥዕል እንደ ነበረበት ይነገራል። ይህም በ1926 በእሳት ጠፋ። ነገር ግን የቦነስ አይረስ ሰዎች ቀድሞ አይተውት፣ ስቀውበት ነበር። እርሱ እንደ ተባለ ቅኔ ነው፤ የባልዳ ፊልም ግን በሆድ እንደ ቀረ ቅኔ ነው።

ደግሞም ወድዶ የሚያጠፋ አለ። በአዲስ አበባ ተወልዶ በኒው ዮርክ የሚኖረው ሠዓሊ ዕዝራ ውቤ፣ «ሒሳብ» በተባለው በ2011 በወጣው የሥዕል ፊልሙ፣ በታክሲ ስለ ተሳፈሩት አህያ፣ ፍየልና ውሻ የሚነገረውን የከተማ ተረት በአንድ ሸራ ላይ ሥሎታል። አንዱን ሥዕል ፎቶግራፍ ካነሣ በኋላ በላዩ ሌላውን ይሥላል፤ የፊተኛው ከኋለኛው በታች ይቀበራል። ይህ ጥፋት አይባልም። የተቀበረው እያንዳንዱ ሥዕል አስቀድሞ በፎቶግራፍ ተይዞ ለተመልካች ደርሷልና።

እንግዲህ ጥፋትን ጥፋት የሚያሰኘው ነገሩ ማለፉ ሳይሆን ሳይደርስ ማለፉ ነው። አባቶች ይህን ስላወቁ መጽሐፍን በግልባጭ ያበዙ ነበር። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ብዙ መጽሐፍ ነደደ፤ በሌላ ደብር ግልባጭ የነበረው ግን በዚያ እሳት አልሞተም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም የቀደሙ ሊቃውንትን ቅኔ ሰብስበው በማሳተማቸው፣ አንድ ጊዜ ተብሎ ያለፈው ቃል ለልጅ ልጅ ደረሰ። ኋላም ከ1973 ጀምሮ በአገራችንና በአሜሪካን አገር በሚኒሶታ መካከል በተደረገ ስምምነት 9,000 ያህል የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። በሌኒንግራድ እሳት ሆኖ የጠፋው ፊልም፣ ለብራናው ጠባቂ ሆነለት።

ዛሬ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር የእጅ ስልክ የያዘ ተማሪ ብዙ ነው፤ ቅኔ ሲባልም ድምፅን ለመያዝ ጣት መንካት ይበቃል። ነገር ግን በአንድ ስልክ ብቻ የተቀመጠ ድምፅ በአንድ ቤት እንደ ተቀመጠ ፊልም ነው። የተቀኘው ማን እንደ ሆነ፣ በየትኛው በዓልና በየትኛው ደብር እንደ ተባለ፣ ምሥጢሩም ምን እንደ ሆነ ተጽፎ ካልተጨመረበት ድምፁ ቢተርፍ ወርቁ ይጠፋል። ስለዚህ ተማሪው ይጻፍ፤ ከጻፈም በኋላ ለባልንጀራው ይስጥ። መምህሩም የማታውን ነገራ በድካም ምክንያት ለነገ አያሳድር፤ በሆድ ያደረ ቅኔ ለነገ መድረሱን የሚያውቅ የለምና።