ስለ ነጭ የደም ሕዋስና ስለ መድኃኒት

በሽታን የሚያጠፋ መድኃኒት አንዳንድ ጊዜ ሰውነትን የሚጠብቀውን ሠራዊት ጨምሮ ያሳንሳል። ይህም ሠራዊት ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ከእርሱም ወገን ኒውትሮፊል የተባለው ተሕዋስያንን ቀድሞ ይገጥማል፤ በአንድ ኩብ ሚሊ ሜትር ደም ከ1,500 ሲያንስ ሐኪሞች ዝቅተኛ ይሉታል፤ ከ500 ሲወርድ እጅግ ያሠጋል።

በ1947 በፈረንጅ አቆጣጠር የተገኘው ክሎራምፌኒኮል ለአንጀት ተስቦ ታላቅ ፈውስ ሆኖ በአገራችንም ለረጅም ዘመን ተሠርቶበታል፤ ዳሩ ግን ደም የሚሠራበትን መቅኔ ያደክማል፤ በጥቂት ሰዎችም ላይ ፈጽሞ ያደርቀዋል። ፔኒሲሊንና ወገኖቹም አልፎ አልፎ ነጩን ሕዋስ ያሳንሳሉ፤ የነዚህ ጉዳት ግን አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል።

ታናሽ እኅቴ ዶሮ ማነቂያ ትኖር በነበረበት ጊዜ፥ ሠፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሳይፈርስ ማለት ነው፥ የእግሯ አጥንት መግል ይዞ ከፔኒሲሊን ወገን የሆነ መድኃኒት በደም ሥሯ ይሰጣት ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ትኵሳት ተነሣባት፤ አፏም ቈሰለ። ደሟ ቢቈጠር ኒውትሮፊሉ 600 ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ወዲያው መድኃኒቱን ለወጠው። ከዐሥር ቀን በኋላ 1,250 ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ቢጠብቁት አልጨምርም አለ። መቅኔዋ ተጐድቶ ይሆናልና ከዳሌ አጥንቷ በመርፌ ተወስዶ ይመርመር ተባለ። እናታችን ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

እኔ የችሎት ጸሐፊ ነኝና ከአዲሱ ወረቀት በፊት አሮጌውን መዝገብ መጠየቅ ልማዴ ነው። ከዚህ ቀደም ደሟ ተቈጥሮ ያውቅ እንደ ሆነ ብጠይቃት፥ «ጋሼ፥ ለሥራ ስቀጠር የተመረመርሁበት ወረቀት ከሣጥኔ ሥር አለልህ» አለችኝ። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቍጥር 1,300 ነበረ፤ ያን ጊዜ አንዳች ሕመም አልነበረባትም።

ለካ ከኢትዮጵያውያን ብዙዎች ነጭ ሕዋሳቸው በተፈጥሮ ከፈረንጅ መጽሐፍ መለኪያ ያንሳል፤ ጤናቸውንም አይጐዳውም። ወደ እስራኤል የገቡት ቤተ እስራኤል በተመረመሩ ጊዜ ይኸው ታይቷል። ምክንያቱም ደፊ የሚባለው ምልክት ከቀይ የደም ሕዋሳቸው ላይ መጥፋቱ ነው፤ ይህም ጕድለት ከአንድ ዓይነት ወባ የሚጋርድ መሆኑ የታወቀ ነው። እንግዲህ የእኅቴ ደም ወደ ገዛ ልኩ ተመልሶ ኖሯል፤ እኛ የምንጠብቀው የሌላ አገር ሰው ልክ ነበር።

ሐኪሙ ወረቀቱን ደጋግሞ ተመለከተና መርፌው ይቅር አለ። የእግሯም መግል በተለወጠው መድኃኒት በስድስተኛው ሳምንት ደረቀ።