የበረዶ ተራራ ሠራተኞች

ዛሬ በዚህ ገጽ ወደ ሩቅ አገር እንሄዳለን። የምንሄደው ወደ አሜሪካ ነው። እዚያ ዩታ በሚባለው ግዛት ፓርክ ሲቲ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከፍታዋ ከጎንደር ከተማ ብዙም አይለይም። ነገር ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን በጣም ስለራቀች ብርዷ ብርቱ ነው። በታኅሣሥና በጥር እኛ በጋ ነው ብለን እህል ስንወቃ፣ እዚያ ክረምት ነው። ምድሩ በበረዶ ይሸፈናል።

በረዶውም የእኛን አይመስልም። የእኛ በረዶ ጠጠር ነው። አዝመራ ይመታል፤ ወዲያው ይቀልጣል። የዚያ አገር በረዶ ግን እንደ ባዘቶ ልል ነው። ድምፅ ሳያሰማ ይወርዳል። ይከመራል። ለወራት ሳይቀልጥ ይቆያል።

ታዲያ በዚህ በረዶ ምን ይሠሩበታል? ይጫወቱበታል። ሰዎች እንደ ጣውላ ያሉ ሁለት ቀጫጭንና ረጃጅም መንሸራተቻዎችን ከጫማቸው ጋር ያያይዛሉ። ከተራራ ጫፍ ተነሥተው ቁልቁል ይወርዳሉ። ይህ ጨዋታ ስኪ ይባላል። በሜዳ ላይ የሚሮጡበት ዓይነትም አለ። በዚህኛው የእኛም አገር ሰው ተወዳድሯል። ሮቤል ተክለማርያም በ1998 ዓ.ም. በጣሊያን አገር በቶሪኖ፣ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሎምፒኮች የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ገብቷል።

ፓርክ ሲቲ ድሮ የማዕድን ከተማ ነበረች። ሰዎች ከተራራው ሆድ ብር ይቆፍሩ ነበር፤ ጠገራ ብር የሚሠራበትን ማዕድን ማለታችን ነው። በኋላ ሥራው ተቀዛቀዘ። የማዕድኑ ኩባንያም ሌላ ዘዴ ፈለገ። በ1956 ዓ.ም. በተራራው ላይ የስኪ መጫወቻ ከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንግዶች በማዕድን ባቡር ዋሻ ውስጥ ገብተው ወደ ተራራው ይወጡ ነበር። ዛሬ የመጫወቻው ስፋት ከ70 ጋሻ መሬት ይበልጣል። ድሮ ሀብቱ ከመሬት በታች ነበር። አሁን ከመሬት በላይ፣ ከበረዶው ላይ ይታፈሳል።

እንግዳ የሚያየው ጨዋታውን ነው። እኛ ግን ሥራውን እንይ።

ሥራው ሌሊት ይጀመራል። በረዶ ሲያንስ ሰው ይሠራዋል። ውሃ በቧንቧ ወደ ተራራው ይገፋል። ከታመቀ አየር ጋር ሆኖ እንደ ካፊያ ወደ ላይ ይረጫል። ብርዱ ያረጋዋል፤ በረዶ ሆኖ ይወርዳል። ይህ ሥራ ያለ ብርድ አይሆንም። ስለዚህ ሠራተኛው ብርዱ በሚጠናበት ሰዓት ውጭ ያድራል። የረጠበ ልብሱ እንደ ቆርቆሮ ይደርቃል። በዚያው ሌሊት ሌሎች ሠራተኞች በከባድ መኪና በረዶውን ሲደለድሉ ያድራሉ።

ሊነጋጋ ሲል የተራራ ጠባቂዎች ይወጣሉ። የተከመረ በረዶ አንዳንድ ጊዜ ተንዶ ሰው ይቀብራል። ጠባቂዎቹ እንግዳ ሳይመጣ ፈንጂ እየወረወሩ ናዳውን አስቀድመው ያወርዱታል። ሥራቸው የነፍስ ነገር ነው። ቀን ሰው ወድቆ ሲሰበር ደግሞ በበረዶ ላይ በሚንሸራተት ቃሬዛ ያወርዱታል።

በጧት ማጓጓዣው ይከፈታል። ወንበሮች በወፍራም የሽቦ ገመድ ተንጠልጥለው ሰውን ወደ ላይ ይወስዳሉ። አንድ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ብርድ ላይ ቆሞ እንግዳ ያሳፍራል። ሌላው ወጥ ቤት ነው፤ ሌላው አልጋ ያነጥፋል፤ ሌላው ልጆች ያስተምራል። ከደቡብ አሜሪካ በትምህርት ዕረፍታቸው የሚመጡ ወጣቶችም አሉ። በሚያዝያ በረዶው ሲቀልጥ የብዙዎቹ ሥራ አብሮ ያልቃል።

ትልቁ ችግር ግን ብርዱ አይደለም፤ ቤት ነው። ከተማዋ የሀብታም መዝናኛ ስለሆነች የቤት ኪራይ ሰማይ ነክቷል። ብዙ ሠራተኛ ሌላ ከተማ አድሮ እየተመላለሰ ይሠራል። እንግዳ የሚተኛበትን አልጋ የምታነጥፈው ሴት በዚያች ከተማ ማደሪያ ታጣለች።

እስቲ እናስላ። በ2017 ዓ.ም. አዲስ የገባ የተራራ ጠባቂ በሰዓት 21 ዶላር ያገኝ ነበር። በ8 ሰዓት 168 ዶላር ይሆናል። እንግዳ ደግሞ ሰው በሚበዛበት ቀን ለአንድ ቀን ጨዋታ ከ300 ዶላር በላይ ይከፍል ነበር። ሕይወት የሚያድነው ሰው አንድ ቀን ልጫወት ቢል፣ ወደ ሁለት ቀን የሚጠጋ ደመወዙን ይጨርስ ነበር ማለት ነው።

ጠባቂዎቹ ማኅበር ነበራቸው። መነሻው በሰዓት 23 ዶላር ይሁን አሉ። የተራራው ባለቤት ቬይል ሪዞርትስ የሚባል ትልቅ ኩባንያ ነው። ለወራት ተደራደሩ፤ አልተስማሙም። ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. 200 ያህል ጠባቂዎች ሥራ አቆሙ። ጊዜው እንግዳ የሚጎርፍበት የበዓል ሰሞን ነበር። ጠባቂ ስለሌለ አብዛኛው የተራራ ክፍል ተዘግቶ ዋለ። የእንግዳው ሰልፍ ረዘመ፤ ቁጣው በረታ። በእኛ የገና ማግሥት፣ ታኅሣሥ 30 ቀን፣ ጠባቂዎቹ በአዲሱ ውል ላይ ድምፅ ሰጥተው ተቀበሉት። የአዲስ ገቢው ክፍያ በ2 ዶላር ከፍ አለ። የሁሉም ጭማሪ ሲደመርና ሲካፈል በሰዓት 4 ዶላር ያህል ሆነ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ? አንድ ጠባቂ ብቻውን ቢጠይቅ ሌላ ሰው ይተካበት ነበር። 200 ሆነው ሲጠይቁ ግን ተራራው ራሱ ቆመ።

ጥያቄዎች
1. በረዶ የሚሠራው ሠራተኛ ለምን ሌሊት ይሠራል?
2. በሰዓት 23 ዶላር የሚያገኝ ሰው በ8 ሰዓት ስንት ያገኛል?
3. በእናንተ ቀበሌ አንድ ሰው ብቻውን የማይችለው፣ ሲተባበሩ ግን የሚሆን ሥራ የትኛው ነው? ተወያዩበት።