«ጡቷ ወተት ነበረው?»

ሁለተኛ ልጄን ስወልድ የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ብዙ ደም ፈሰሰኝ። ግፊቴ ወርዶ ራሴን ሳትኩ፤ ባለቤቴና ወንድሙ ምትክ ደም ፍለጋ ሲሯሯጡ አደሩ። ተርፌ ቤቴል ወዳለው ቤታችን ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ገንፎውን በላ።

ልጁ ጡቴን ቢስብ ቢስብ ጠብ የሚል ነገር የለም። አማቴ አጥሚቱንም፣ ተልባውንም፣ አብሹንም እያፈራረቁ አጠጡኝ። ጡቴ አንድ ቀን እንኳ ግት ሳይል ልጁ በጡጦ አደገ። «ደንግጣ ነው» ተባለ። የወር አበባዬ ሲቀር ደግሞ በሦስት ወሩ የወሊድ መከላከያ መርፌ ተሳበበ፤ መርፌውን ከተውኩ በኋላም ግን ወፍ የለም።

ከዚያ ዓመታት አለፉ። የሰፈሩ ሰው ጃኬቱን አውልቆ ፀሐይ ሲሸሽ እኔ በሹራብ ላይ ጋቢ እደርባለሁ። ከታክሲ ወርጄ ቤቴ እስክደርስ መንገድ ላይ ሁለቴ ሦስቴ አርፋለሁ። የብብቴ ፀጉር ረገፈ፣ የቅንድቤ ዳር ሳሳ፣ ፊቴ ገረጣ። የደም ማነስ ነው ተብዬ የብረት ክኒን ዋጥኩ፤ ጭንቀት ነው ተባልኩ፤ ዓይነ ጥላ ነው ያሉኝም ነበሩ። ጠበሉ መንፈሴን አጽናናው፤ ድካሙ ግን ከእኔው ጋር ወደ ቤት ተመለሰ።

አንድ ክረምት ተቅማጥና ትኩሳት ያዘኝ። ቤተሰቡን ሁሉ አሞት ሁሉም ሲነሳ እኔ አልነሳ አልኩ። በማግስቱ ሲቀሰቅሱኝ የማልሰማ ሆንኩና ተሸክመው ሆስፒታል ወሰዱኝ። የደሜ ስኳር ወርዷል፣ ግፊቴም የለም ማለት ይቀላል። ግሉኮስ ሲሰጡኝ እነቃለሁ፣ ጥቂት ቆይቶ መልሼ እሰምጣለሁ። ስኳር በሽታ የሌለበት ሰው ስኳሩ እንዲህ ደጋግሞ የሚወርደው ለምንድን ነው? ብሎ የጠየቀ አንድ ወጣት ሐኪም ተገኘ። በሰመመን ውስጥ ሆኜ ባለቤቴን ሲጠይቀው እሰማለሁ፦ «የመጨረሻ ልጇን ስትወልድ ደም ፈሷት ነበር? ጡቷ ወተት ነበረው?»

መልሱን እንደሰማ ለምርመራ ደም ቀዳና ውጤቱን ሳይጠብቅ ሃይድሮኮርቲሶን የተባለ መድኃኒት በደም ሥር እንዲሰጠኝ አዘዘ። ማታ ላይ ተነስቼ ተቀመጥኩ፤ ራበኝም አልኩ። አማቴ እልል አሉ።

በኋላ ሲያስረዳኝ እንዲህ ነው የገባኝ። ከአንጎል ሥር፣ ከአፍንጫ ጀርባ ከፍ ብላ፣ አተር የምታክል ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ አለች። እሷ የዕድር ጡሩምባ ነፊ ማለት ናት። ጉሮሮ ላይ ያለው ታይሮይድ፣ ኩላሊት ላይ የተቀመጡት አድሬናል ዕጢዎች፣ እንቁላል ማቀፊያውም እሷ ስትጠራ ነው ለሥራ የሚወጡት። ታይሮይዱ ሰውነት ምግቡን ምን ያህል እንደሚያቃጥልና ሙቀቱን ይወስናል፤ አድሬናሎቹ የሚያመነጩት ኮርቲሶል ደግሞ ሰው ሲታመምና ሲራብ ስኳሩንና ግፊቱን ደግፎ ያቆማል። ጡት ወተት እንዲያመነጭ የሚያዘውን ፕሮላክቲን የምትልከውም እሷው ፒቱታሪ ናት። በእርግዝና ጊዜ ታብጣለች፤ የሚደርሳት ደም ግን በዚያው ልክ አይጨምርም። ስለዚህ ወላድ ብዙ ደም ፈሷት ግፊቷ ሲወርድ፣ ያበጠችው ዕጢ ደም አጥታ ልትሞት ትችላለች። የእኔም የሞተችው ያን ዕለት ነው። ሌሎቹ ዕጢዎቼ ምንም አልሆኑም፤ የሚጠራቸው ግን አልነበረም።

የላቦራቶሪውም ውጤት ይህንኑ አረጋገጠ። የታይሮይድ ሆርሞኔ ዝቅ ብሏል። ታማሚው ታይሮይዱ ራሱ ቢሆን ኖሮ ከፒቱታሪ የሚመጣው ቀስቃሽ ሆርሞን ከልክ በላይ በጨመረ ነበር፤ የእኔ ግን ምንም አልጨመረም። የጭንቅላት ኤምአርአይ ሲነሳም የዕጢዋ ቦታ ባዶ ሆኖ ታየ። ሕመሙ ሺሃን ሲንድረም ይባላል፤ ሃሮልድ ሺሃን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1937 ስለጻፈበት። የወሊድ ሕክምና በተስፋፋባቸው አገሮች እየጠፋ ሄዷል። እኛ ዘንድ ግን ደም መፍሰስ ዛሬም ከእናቶች ገዳዮች ዋናው ነው፤ ከሞት የተረፈችውን ወላድ ተከታትሎ «ከዚያስ በኋላ እንዴት ሆንሽ?» የሚል ደግሞ እምብዛም የለም። ይህ ያናድደኛል።

አሁን ሌሊት ተነስቼ የታይሮይድ ሆርሞን ምትክ የሆነውን ሌቮታይሮክሲኔን በባዶ ሆዴ እውጣለሁ፤ ቡና መድኃኒቱን እንዳይሰርቅብኝ ጀበናዬ ቆይቶ ነው የሚጣደው። የኮርቲሶል ምትክ የሆነውን ስቴሮይድ፣ ፕሬድኒሶሎኑን፣ ከቁርስ ጋር እወስዳለሁ፤ ጤነኛ ሰው ኮርቲሶሉ ከፍ የሚለው ጠዋት ነውና። ሕክምናው ሲጀመርም ቅደም ተከተል ነበረው፦ መጀመሪያ የኮርቲሶሉ ምትክ፣ ቀጥሎ የታይሮይዱ። ተገላቢጦሽ ከሆነ የተዳከመው ሰውነት የባሰ ይወድቃል። ትኩሳት ሲይዘኝ የፕሬድኒሶሎኑን መጠን እጥፍ አደርጋለሁ፤ ካስመለሰኝ በመርፌ እንዲሰጠኝ ወደ ሐኪም እሮጣለሁ። የነፍስ አባቴም በጾም ቀን ሳይቀር መድኃኒቴን ከምግብ ጋር እንድወስድ ፈቅደውልኛል። ቦርሳዬ ውስጥ «ይህች ሴት ያለ ስቴሮይድ መኖር አትችልም» የሚል ወረቀት አለ፤ ባለቤቴም ሁለቱም ልጆቼም የት እንዳለ ያውቃሉ።

ይህን የምታነቢ እህቴ፣ ስትወልጂ ብዙ ደም ፈሶሽ ከነበረ፣ ወተትሽ ካልመጣ፣ የወር አበባሽም ሳይመለስ ብርድና ድካም ካልለቀቀሽ፣ ሐኪም ፊት ስትቀርቢ ስለ ድካምሽ ከማውራትሽ በፊት የወሊድሽን ነገር ንገሪው። ባይጠይቅሽም ንገሪው።