የትኛው ሦስት ሰዓት?



ጀመዓው ስለ መመረቂያ ፕሮጀክታችን እንድንጽፍ ሲጠይቀን መጀመሪያ ያሰብነው ስለ ኮዱ ልንጽፍ ነበር። ኮዱን ግን ዲፓርትመንቱ አይቶ ነጥብ ሰጥቶበታል። ያላየው አንድ የ400 ብር ጉዳይ አለ። የምንጽፈው ስለ እሱ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሠርግ ነው። የአንዳችን የአክስት ልጅ ቪዲዮ አንሺ ነው። ለሠርግ ሥራ ከአዲስ አበባ ደሴ መጥቶ ነበር፤ ሙሽሮቹ አጭር ቪዲዮ ለማግስቱ ፈለጉ። ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ሆቴል አልጋ ላይ ሲያቀናብር መብራት ሄደ፣ ባትሪውም አለቀ። ከሆቴሉ ጥቂት እርምጃ ላይ ጀነሬተርና ትልልቅ ስክሪን ያለው ፎቶ ቤት ተዘግቶ አድሯል። በኋላ ለባለቤቱ ስንነግረው «ቢያንኳኳ እኮ እከፍትለት ነበር» አለን።

ለሥራ ከከተማ ከተማ የሚዞሩ ብዙ ናቸው፦ ፎቶ አንሺዎች፣ ቪዲዮ አቀናባሪዎች፣ ሠዓሊዎች፣ መንዙማና ነሺዳ የሚቀርጹ ልጆች። በየከተማው ደግሞ ከሠርግ ወቅት ውጭ ባዶ የሚውሉ ፎቶ ቤቶችና ስቱዲዮዎች አሉ። ሁለቱን የሚያገናኝ፣ የሥራ ክፍል በሰዓት የሚያከራይ ድረ ገጽ ለመሥራት ተነሣን። ዶርም ውስጥ «ደላላ ልትሆኑ ነዋ!» ተብሎ ተሳቀብን። አዎ፣ ደላላ ነው። ኢማም ቡኻሪም ስለ ደላላ ክፍያ በሰሒሓቸው ባብ ከፍተው፣ እነ ኢብኑ ሲሪንና ዐጧእ ችግር እንዳላዩበት ጠቅሰዋል። ይህን ይዘን ነው ለቀልደኞቹ መልስ የሰጠነው። (ሙዚቃ ስቱዲዮዎችን እናስገባ አናስገባ በሚለው ላይ ያደረግነው ክርክር ራሱን የቻለ እትም ስለሚፈልግ እንለፈው።)

አማካሪያችን ኤርቢኤንቢን እንድናጠና መከሩን። እ.ኤ.አ. በ2007 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሁለት ዲዛይነሮች የቤት ኪራይ ቸገራቸው። በከተማው የዲዛይን ጉባኤ ስለነበር ሆቴሎች ሞልተዋል። ቤታቸው ውስጥ አየር የሚነፋ ፍራሽ አንጥፈው እንግዶች አሳደሩ፤ ኩባንያው ከዚያ ወጣ። በ2009 ደግሞ ኒውዮርክ ሄደው የአከራዮቹን ቤት ራሳቸው ፎቶ አነሡ። እኛም ስድስት ፎቶ ቤቶችን አሳምነን በስልካችን አነሣናቸው። ሰፊ በሚያሳየው ሌንስ ስላነሣን ሦስት በአራት ሜትር የሆነች ክፍል አዳራሽ መሰለች። እኛ ራሳችን ደነገጥን። መድረሳ ሳለን ስለ ተድሊስ፣ ማለትም የዕቃን ጉድለት ሸፍኖ ስለ መሸጥ፣ የቀራነው ሁሉ ስለ እንስሳና ስለ እህል ነበር። ስለ ስልክ ሌንስ የነገረን አልነበረም። ፎቶዎቹን ሰርዘን በተራው ሌንስ እንደገና አነሣን፤ ከሥራቸውም የክፍሉን ስፋት በሜትር ጻፍን።

ከአራታችን ሦስቱ ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት እየተመላለስን ነው ያደግነው። አቡ ሹጃዕን ስንቀራ የኢጃራ ባብ ቶሎ ነው የታለፈው። ያስታወስነው ግን ነበር፦ የሚከራየው ዕቃው ሳይሆን ጥቅሙ ነው፤ ጥቅሙም በጊዜ ወይም በሥራ ተለክቶ መታወቅ አለበት። ይህ ለዲዛይናችን እንደ ተሰጠ መመሪያ ሆነልን። አንድ ክፍል «እስከ ጨረስኩ ድረስ» ተብሎ እንዳይያዝ በሰዓት ብቻ እንዲከራይ አደረግን። መብራት ጠፍቶ ጀነሬተር ካልተነሣ ተከራዩ ጥቅሙን ስላላገኘ የዚያ ሰዓት ኪራይ እንዲመለስለት ደነገግን። ሁለት ሰው አንዱን ሰዓት እኩል ቢጫን ዳታቤዙ አንዱን ብቻ እንዲቀበል ቆለፍነው። በዚህ ሁሉ ኮራን፤ አንዋሽም።

ቀረ ቀብድ። ሰው ሰዓት ይዞ ሳይመጣ ቢቀር ፎቶ ቤቱ ሌላ ደንበኛ መልሶ ይከስራል። ስለዚህ የኪራዩን አንድ ሦስተኛ በቴሌብር አስቀድሞ እንዲከፍል፣ ከቀረ እንዳይመለስለት አደረግን። ሐኪቃው ይህ ቀላል መስአላ አይደለም። ቀብድ በዐረብኛው ዑርቡን ነው፤ ተከራዩ ከቀረ ገንዘቡ ይቅር የሚለውን ስምምነት ሻፊዒዮችን ጨምሮ አብዛኞቹ ፉቀሃእ አይፈቅዱትም፣ ኢማም አሕመድ ፈቅደውታል፣ ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1993 በገደብ ፈቅዶታል። የሀገራችን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም ሌላ ውል ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ሲተው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ሲተው ድርቡን ይመልሳል ይላል። ሰፊውን መንገድ ይዘን አለፍን። ሲስተሙም ለቀረ ሰው በራሱ የሚልከው መልእክት ተዘጋጀለት፦ «በሰዓቱ ባለመገኘትዎ ቀብድዎ አይመለስም።»

ለአንድ ወር በስድስቱ ፎቶ ቤቶች ሞከርነው። በሦስተኛው ሳምንት አንዲት ጅዳ ያደገች እህት አራት ሰዓት ተከራየች። የወሎን የገጠር መስጊዶች ፎቶ እያነሣች ትዞር ነበር፤ ሥራዋን በዚያ ምሽት አስተካክላ መላክ ነበረባት። የኪራዩ ዋጋ 1,200 ብር፣ ቀብዱ 400 ብር። የያዘችው ከ3:00 እስከ 7:00 ነው። ባለቤቱ በጠዋት ከፍቶ፣ ኮምፒውተሩን አብርቶ እስከ ሰባት ሰዓት ጠበቃት። አልመጣችም። ሲስተሙ መልእክቱን ላከላት። እሷ የደረሰችው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ደንበኛ ተቀምጧል።

ማታ ጻፈችልን፦ «በሰዓቱ ደርሻለሁ። ሥራዬ አልተላከም። ገንዘቤን የያዛችሁት በምን አግባብ ነው?»

ስልኳ ላይ 3:00 ማለት የእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የእኛ ገጽ የሚያሳየው የሰዓት ዝርዝር ከ2:00 ተነሥቶ 12:00 ላይ ያበቃል። ለእኛ ከጠዋት እስከ ማታ ነው፤ ለእሷ ከቀኑ ስምንት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት። «ጠዋት» የሚል ቃል የትም አልጻፍንም። በውጭ ያለ ሰው ሲከራይ ሰዓቱ ይለወጥ እንደሆነ ሞክረን ነበር፤ ግን ጅዳና ደሴ በአንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስለሆኑ ሙከራው ሁሉ አለፈ።

ያን ሌሊት ተጨቃጨቅን። አንዳችን «ደንቡ ተጽፏል፤ እሷም ተስማምታ ነው የጫነችው» አለ። ሌላው ባለቤቱ አራት ሰዓት ሙሉ መጠበቁን አነሣ፤ እውነት ነው። ሦስተኛው የፍትሐ ብሔሩን ድርብ ጠቀሰ። በማግስቱ ከዐስር በኋላ ኡስታዛችን ዘንድ ሄድን። እኛ ስለ ዑርቡን ኺላፍ ተዘጋጅተን ነበር፤ እሳቸው ግን ወደዚያ አልገቡም። «እናንተ ያከራያችኋት የትኛውን ሦስት ሰዓት ነው? እሷስ የተከራየችው?» አሉን። ዝም አልን። «እንግዲህ ሁለታችሁም የምታውቁት ጊዜ ከሌለ ቀብዱ የምን ቀብድ ነው?»

ከ400 ብሩ 360ው ባለቤቱ እጅ፣ 40ው የእኛ የድለላ ድርሻ ነበር። ባለቤቱን አልጠየቅነውም፤ እሱ በቃሉ ተገኝቷል። አራታችን መቶ መቶ ብር አዋጥተን መለስንላት። ስለ ጠፋው ሥራዋ ይቅርታ ጠየቅናት፤ ያን የምንመልስበት መንገድ አልነበረንም። «ዐፍወን» ብላ ጻፈች፤ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ከዚያ ገጹን አስተካከልን። አሁን ሰዓት ብቻውን አይታይም፦ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በፈረንጅ 9:00» ይላል፤ ቀኑም በሁለቱም አቆጣጠር ይጻፋል። ይህን ስንሠራ ሌላ ጉድ አገኘን። አንድ የመንዙማ ቡድን «የጁሙዓ ሌሊት» ብሎ ክፍል ሊይዝ ደወለ። ለእኛ ለሙስሊሞች ቀኑ የሚገባው በመግሪብ ነው፤ የጁሙዓ ሌሊት ማለት ሐሙስ ማታ ነው። ባለቤቱ ግን ዓርብ ማታ ብሎ ሊመዘግበው ነበር። እግዚእ ጊዜን ጠብቀን ደረስንበት፤ አሁን የማታ ኪራይ ላይ ገጹ «ሐሙስ ለጁሙዓ አጥቢያ» ብሎ ይጠይቃል።

የከረሙትን መዝገቦች ስናይ ያ መልእክት የተላከላቸው ሌሎች ሁለት ሰዎች አገኘን። አንዱ በአካል አግኝተነው ረስቶት እንደቀረ ነገረን፤ «ሐላል ይሁንላችሁ» አለ። ሁለተኛው 300 ብር የከፈለ ሠዓሊ ነው፤ የያዘው ከ2:00 ጀምሮ ነበር። የትኛውን ሁለት ሰዓት እንደሆነ የምናውቀው ሲነግረን ነው። ስልኩ ዝግ ነው። 300 ብሩን ለብቻው በአማና አስቀምጠነዋል፤ በየሳምንቱ ጁሙዓ ሰግደን ስንወጣ እንደውልለታለን። በጥር ወር ደሴ ክፍል ሊከራይ ሞክሮ የተመለሰ ሠዓሊ የምታውቁ ካላችሁ፣ በጀመዓው ቢሮ በኩል ንገሩን።