እኩል ይሆናል፣ እኩል ይሆናል፣ እኩል ይሆናል!

በ1990ዎቹ ናዝሬት፣ በዛሬዋ አዳማ፣ የሒሳብ ፍቅር የያዘው ተማሪ ሁሉ አንዲት ካልኩሌተር ያውቃል፤ ካሲዮ ኤፍኤክስ-82! ጠንካራ ክዳኗ፣ የደበዘዙት ቁልፎቿ፣ ከአሥር አኃዝ በላይ የማይጽፈው ጠባብ መስኮቷ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ብዙዎቻችን የራሳችን አልነበረችም። ከታላቅ ወንድም ወደ ታናሽ፣ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት እየዞረች ሰፈሩን ሁሉ ታገለግል ነበር። እኛን ያስደሰተን ግን መደመርና ማባዛቷ አልነበረም። ያለፈውን መልስ የምታስታውስበት «አንስ» የሚባል ቁልፍ ነበራት። እናንተዬ፣ ዓለም የተከፈተችልን በዚያ ቁልፍ ነው!

እስቲ ዛሬም ሞክሩት። 1 ጻፉና «እኩል ይሆናል»ን ተጫኑ። ቀጥላችሁ 1 ሲደመር፣ 1 ሲካፈል ለአንስ ብላችሁ ጻፉና ያንኑ ቁልፍ ደጋግሙት። 2 ይላል። 1.5 ይላል። 1.666666667፣ 1.6፣ 1.625፣ 1.615384615… ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ! ዝላዩ እያጠረ፣ እያጠረ ሄዶ 1.618033989 ላይ ቀጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ ጣታችሁ እስኪዝል ብትጫኑ ንቅንቅ የለም። መልሶቹን በክፍልፋይ ስንጽፋቸው ደግሞ 2/1፣ 3/2፣ 5/3፣ 8/5፣ 13/8 ሆነው ቁጭ! የፊቦናቺ ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከእሱ በፊት ያሉት የሁለቱ ቁጥሮች ድምር። ማንም ሳይነግረን ከአንዲት ቁልፍ ሥር ወጡልን። ጮቤ ረገጥን!

ከዚያማ ማን ያቁመን? ካልኩሌተሯን ራዲያን ላይ አድርገን «ኮስ አንስ»ን ስንደጋግም ከየትኛውም ቁጥር ብንነሳ መድረሻው 0.739085133 ሆነ። ከ5 ተነሳን፣ ከ100 ተነሳን፣ ከተወለድንበት ዓመት ተነሳን፤ መንገዱ ሁሉ ወደዚያው! ስኩዌር ሩት ስንደጋግም ደግሞ ከዜሮ የሚበልጥ ቁጥር ሁሉ ወደ 1 ይሮጣል። «ሊሚት» የሚባለውን ነገር ከጥቁር ሰሌዳ ላይ በእንግሊዝኛ ገልብጠነው ነበር፤ የገባን ግን በጣታችን ጫፍ ነው። ከሩቅ አገር የተነሳ ቁጥር ደጁ ሲደርስ እርምጃውን እንደሚያሳጥር መንገደኛ ሆኖ ታየን።

ቆይቶ ያነበብኩት ታሪክ ይህን ደስታ እጥፍ አደረገልኝ። ሚቸል ፋይገንባም የተባለው የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1975 ሎስ አላሞስ ሆኖ፣ ኤችፒ-65 በተባለች የእጅ ካልኩሌተር አንዲት አጭር ቀመር እየደጋገመ ያሰላ ነበር። ቀመሯ አንድን ቁጥር፣ 1 ለመሙላት የጎደለውንና አንድ ማባዣን ማባዛት ብቻ ናት። ማባዣው ከፍ እያለ ሲሄድ መልሱ አንድ ቦታ ማረፉን ይተውና በሁለት፣ ከዚያ በአራት፣ ከዚያ በስምንት ቁጥሮች መካከል ይመላለሳል። ማሽኗ ቀርፋፋ ነበረች፤ እሱም መልሱ እስኪመጣ ድረስ ቀጣዩ ክፍፍል የት እንደሚሆን ይገምታል። ክፍፍሎቹ የሚቀራረቡበትን ምጣኔ፣ 4.669ን፣ ያገኘው እንዲህ ሲገምት ነው! ቁጥሩ ዛሬ በስሙ ይጠራል። አንድ በአንድ የመጣ ቁጥር ይለመዳል፣ ቀጣዩም ይናፈቃል። ጣታችን የሰጠን ይህንን ነበር።

ከዚያ ኤክሴል መጣ! ናዝሬት የደረሰን በኮምፒውተር ማሠልጠኛዎች በኩል፣ የደመወዝ ሠንጠረዥ መሥሪያ ተብሎ ነው። የዚህ ዓይነቱን ፕሮግራም መንገድ የከፈቱት ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተንም እ.ኤ.አ. በ1979 ቪዚካልክን ለገበያ ሲያወጡ ያሰቡት የንግድ ሒሳብን ነበር። እኛ ግን ሌላ ነገር ሠራንበት። የመጀመሪያውን አምድ ከላይ እስከ ታች በ1 ሙሉት። የላይኛው ረድፍ ቀሪው 0 ይሁን። ከዚያ እያንዳንዱ ሴል ከራሱ በላይ ያለውንና ከዚያ በስተግራ ያለውን ይደምር፤ ድምሩ ለ2 ሲካፈል የሚተርፈውን ይያዝ። 1 የሆነው ሁሉ ጥቁር ይሁን። አሁን ጎትቱት!

ሦስት ማዕዘን፣ በውስጡ ሦስት ማዕዘን፣ በዚያም ውስጥ ሌላ ሦስት ማዕዘን! ፖላንዳዊው ሲየርፒንስኪ እ.ኤ.አ. በ1915 ያጠናው ፍራክታል ስክሪኑን ሞላው። የዚያን ጊዜው ኤክሴል 256 አምዶች ብቻ ነበሩት። 256 ደግሞ ስምንት ሁለቶች ሲባዙ የሚመጣ ቁጥር ነው፤ ስለዚህ 256ኛው ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ጥቁር ይሆንና ምስሉ ልክክ ብሎ ይዘጋል። እስከዚያ ያሉትን 1ዎች በሙሉ ደምር ሲሉት 6,561 አለ፤ ስምንት ሦስቶች ሲባዙ! ቁመቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ጥቁሩ ሦስት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ሎግ 3ን ለሎግ 2 ብታካፍሉ 1.585 ይመጣል፤ በዳይሜንሽን ከመስመር በልጦ ከሜዳ የሚያንስ ቅርጽ! ካልኩሌተሯ የቁጥሩን እርምጃ አስተማረችን፤ ኤክሴል ደግሞ የእርምጃውን መልክ ገለጠልን።

ዛሬ ደግሞ ይህ ሁሉ ኪስ ውስጥ ገብቷል። የ12ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ የሚጀምረው በሲኩዌንስና በሲሪስ ነው፤ አዳማ የምትማረው የእህቴ ልጅም ምዕራፉን በስልኳ ትጫወትበታለች። በቅርቡ አብረን ስዊድናዊው ሄልገ ፎን ኮክ እ.ኤ.አ. በ1904 ያስተዋወቀውን ቅርጽ ሠራን። ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ሦስት ማዕዘን ነው መነሻው። ከእያንዳንዱ ጎን መካከለኛው ሲሶ ይወጣና በቦታው ትንሽ ሹል ጫፍ ይበቅላል፤ በተገኙት ጎኖች ላይ እንደገና፣ እንደገና። ዙሪያው በየዙሩ በ4/3 ይባዛል። 3 ሜትር፣ 4 ሜትር፣ 5.33 ሜትር… አምዱን ወደ ታች ጎተተችው። 36ኛው ዙር ላይ 94 ኪሎ ሜትር፣ 37ኛው ላይ 126 ኪሎ ሜትር! «አጎቴ፣ አዲስ አበባን አልፎ ሄደ እኮ!» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነው፤ አዲስ አበባ ከአዳማ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚገርመው ግን ቅርጹ በሙሉ ወርዱ 1 ሜትር ከ16 ሳንቲ ሜትር አይሞላም፤ ስፋቱም የመነሻውን ሦስት ማዕዘን 1.6 እጥፍ አያልፍም። ያ ሁሉ መንገድ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ይተኛል!

ደግሞስ ራሱን እየደገመ የሚያድግ ቅርጽን ለመማር ከእኛ አካባቢ የተሻለ የት አለ? ከአዳማ ወደ መቂና ያኔ ዝዋይ ወደምንላት ባቱ የሚጓዝ ሰው የሚሄደው በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ነው። ጂኦሎጂስቱ ፖል ሞር በወንጂ ስም የሰየመው የስንጥቆች ቀበቶም በዚሁ ሸለቆ ይዘረጋል። ጂኦሎጂስቶች የስንጥቅ ፎቶ ሲያነሱ አጠገቡ መዶሻ ወይም ሳንቲም ያስቀምጣሉ፤ ትንሹ ስንጥቅ ትልቁን ስለሚመስል ያለዚያ መጠኑ አይለይም። ከመንገዱ ዳር ደግሞ አንድ የግራር ቅጠል ቀጥፋችሁ እዩ። ዋናው ዘንግ ግራና ቀኝ ትንንሽ ዘንጎች ያወጣል፤ እያንዳንዱ ትንሽ ዘንግም በዚያው ሥርዓት ግራና ቀኝ ጥቃቅን ቅጠሎች ይደረድራል። ያው ሕግ ሁለት ጊዜ ተደገመ!

ሕግ ደጋግሞ ድርድር ማውጣት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ወንበሩን፣ ማለትም በ19 ዓመቱ ዑደት ውስጥ የዓመቱን ተራ ከ0 ጀምረው ቆጥረው፣ በ11 አባዝተው በ30 እየገደፉ አበቅቴን ያወጣሉ፤ 0፣ 11፣ 22፣ 3፣ 14፣ 25፣ 6… እያለ 18 ላይ ይደርስና በ19 ዓመቱ ወደ 0 ይመለሳል። በ19 አባዝተው ሲገድፉ መጥቅዕ ይወጣል፤ 0 ሲሆን 30 ይባላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብትደምሩ ሁልጊዜ 30! ለምን? 11 እና 19 ራሳቸው 30 ስለሆኑ። ዓመታቱን በሙሉ በአንድ አምድ ጎትቶ ይህን ማየት እንዴት ደስ ይላል!

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ከዜሮ የሚበልጥ አንድ ሙሉ ቁጥር ያዙ። ተጋማሽ ከሆነ ለ2 አካፍሉት፤ ካልሆነ በ3 አባዙና 1 ጨምሩ። ቀጥሉ። እስካሁን የተሞከረው ሁሉ መጨረሻው 1 ሆኗል፤ ሁሌም እንዲያ እንደሚሆን ግን፣ ጥያቄው በሎታር ኮላትዝ እ.ኤ.አ. በ1937 ከተነሳ ወዲህ ማንም አላረጋገጠም። መቂ ላይ ስልክ የያዘች ተማሪና የዓለም ታላላቅ ፕሮፌሰሮች እኩል ቆመው የሚያዩት ጥያቄ ነው! መጀመሪያ በካልኩሌተር አንድ በአንድ ተጫኑ፣ ከዚያ በኤክሴል ጎትቱ። 28 በ18 እርምጃ 1 ላይ ይደርሳል። ጎረቤቱ 27 ግን 9,232 ድረስ ወጥቶ፣ 111 እርምጃ ተጉዞ ነው የሚደርሰው። ለምን? በሉ ጀምሩ!