የአር-ታይፕ ባላደራዎች

አር-ታይፕን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክር ሰው ብዙ አይቆይም። ሳንቲሙን ይከታል፣ ጆይስቲኩን ይጨብጣል፣ ትንሿ የጠፈር መንኮራኩር ከግራ ወደ ቀኝ መብረር ትጀምራለች፤ ዓይኑ ገና ስክሪኑን ሳይለምድ ከየት እንደመጣች ያላያት አንዲት ጥይት ታስቀረዋለች። በዚህ ጨዋታ ቁስል የሚባል ነገር የለም፤ የነካ ሁሉ ይገድላል። የሞተም ሰው ከሞተበት ቦታ አይነሳም። ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በልፋት የሰበሰበውን መሣሪያ ተቀምቶ፣ ያንኑ መንገድ ባዶ እጁን እንደገና ይጀምረዋል።

እንዲህ ሰውን የሚያጉላላ ጨዋታ ዘመኑ ሲያልፍ አብሮ ማለፍ ነበረበት። የጃፓኑ አይሬም ኩባንያ አር-ታይፕን ወደ መጫወቻ አዳራሾች ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። ያኔ በየአዳራሹ አብረውት ተደርድረው ከነበሩት ማሽኖች አብዛኞቹን ዛሬ የሚያስታውሳቸው ጥቂት ነው። አር-ታይፕ ግን አሁንም የሚጫወተው፣ የሚጠግነው፣ እንደ አዲስ የሚጽፈው ሰው አላጣም። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ከአይሬም አንዲት ሳንቲም ተከፍሏቸው አያውቅም።

ስክሪኑ ወደ ጎን እየተጓዘ የሚተኮስባቸው ጨዋታዎች በአር-ታይፕ አልተጀመሩም። እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካው ዊሊያምስ ያወጣው ዲፌንደርና የኮናሚው ስክራምብል መንገዱን ከፍተውት ነበር፤ በ1985 ደግሞ ኮናሚ በግራዲየስ መሣሪያን እየመረጡ ማሳደግን አስለመደ። አይሬሞች የጨመሩት ነገር በቁጥር ጥቂት ቢሆንም የጨዋታውን አስተሳሰብ ለወጠው። አንደኛው ጥይት የማከማቸት ዘዴ ነው፤ ተጫዋቹ የተኩስ ቁልፉን ተጭኖ ከቆየ ኃይል እየተጠራቀመ ሄዶ ሲለቀው አንድ ትልቅ የብርሃን ጨረር ይወረወራል። ስለዚህ በየቅጽበቱ ምርጫ አለ፤ አሁን በትንንሽ ጥይት መከላከል ወይስ ለትልቁ ታግሶ መጠበቅ?

ሁለተኛውና ዋናው ፎርስ የሚባለው ነው። ፎርስ ከመንኮራኩሯ ጋር የሚጓዝ፣ ምንም ነገር የማይሰብረው ክብ አካል ነው። ከፊት ቢገጥሙት የጠላትን ጥይት ይመክታል፤ ከኋላ ቢገጥሙት ጀርባን ይጠብቃል፤ ወደ ፊት ቢወረውሩት ጠላት መሐል ገብቶ ብቻውን ይዋጋል። ጋሻም ነው፣ ጦርም ነው፣ ጓደኛም ነው። በጨዋታው ታሪክ መሠረት ፎርስ የተሠራው ከጠላቱ ከባይዶ ሥጋ ነው፤ ባይዶ ደግሞ የሰው ልጆች ራሳቸው በ26ኛው ክፍለ ዘመን የፈጠሩት ሕይወት ያለው መሣሪያ ነው። ከቁጥጥራቸው ሲወጣ ከዘመናቸው አሽቀንጥረው ጣሉት፣ እሱም በ22ኛው ክፍለ ዘመን ብቅ አለ። ሰው የገዛ እጁን ሥራ በገዛ እጁ ሥራ ይዋጋል። ይህ ሁሉ በስክሪኑ ላይ በቃላት አይተረክም። ነገር ግን ግድግዳው እንደ ሥጋ የሚተነፍስበትን፣ የመጀመሪያው ደረጃ አለቃ ዶብኬራቶፕስ ስክሪኑን ሞልቶ የሚጠብቅበትን ሥዕል ያየ ሰው ነገሩን ሳይነግሩት ይጠረጥራል።

ስምንቱ ደረጃዎች እርስ በርሳቸው አይመሳሰሉም። ሦስተኛው ደረጃ ከዳር እስከ ዳር አንድ ግዙፍ የጦር መርከብ ነው፤ ተጫዋቹ በሆዱ ሥር ሾልኮ፣ በጀርባው ላይ ዞሮ፣ መድፎቹን አንድ በአንድ ያረግፋል። እዚያ ቦታ ላይ የጣት ፍጥነት ብቻውን አያዋጣም። የትኛው መድፍ መቼ እንደሚተኩስ፣ የትኛው ሞተር የት ጋ እሳት እንደሚተፋ፣ ፎርስን ከፊት አንስቶ ከኋላ ለመግጠም የትኛዋ ሰከንድ ነጻ እንደሆነች ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚያስተምር መምህር አንድ ብቻ ነው፤ ሞት። ተጫዋቹ ዳዊት እንደሚደግም የአብነት ተማሪ መንገዱን ከመጀመሪያው እየመላለሰ በቃሉ ይይዘዋል፤ አንድ ቦታ ሲስት ይመለሳል፣ እንደገና ይለዋል፣ በመጨረሻ ሳያስበው ይወጣዋል።

የጨዋታው ዕድሜ ምሥጢር እዚህ ላይ ያለ ይመስላል። በቀላሉ ያለቀ ነገር በቀላሉ ይረሳል። በመቶ ጊዜ ውድቀት የተማሩት ነገር ግን የሰውየው ገንዘብ ይሆናል፤ ማሽኑ ከአዳራሹ ቢወጣ፣ ኩባንያው ቢዘጋ፣ መንገዱ በእጁና በዓይኑ ውስጥ ይቀራል። የአር-ታይፕ ወዳጆች ከጨዋታው ያልተለያዩት ስለተመቻቸው ሳይሆን ስለደከሙበት ነው።

ጨዋታው ከአዳራሽ ወደ ቤት የገባበት ታሪክም የድካም ታሪክ ነው። የአይሬም ማሽን ኤም72 የተባለ፣ ኤንኢሲ ቪ30 በተሰኘ ፕሮሰሰር የሚሠራ፣ ለሥዕልና ለድምፅ ልዩ ቺፖች ያሉት ሥርዓት ነበር። የአውሮፓ ቤቶች ውስጥ የነበሩት ኮምፒውተሮች ግን ከሱ ጋር የሚወዳደሩ አልነበሩም። የእንግሊዙ ዜድኤክስ ስፔክትረም በእያንዳንዷ ትንሽ የስክሪን ካሬ ውስጥ ከሁለት ቀለም በላይ ማሳየት አይችልም፤ አንድ ቀይ መንኮራኩር በሰማያዊ ግድግዳ አጠገብ ሲያልፍ ቀለማቸው ይደበላለቃል። ቦብ ፔፕ የተባለው ፕሮግራመር ይህን አስቸጋሪ ማሽን ይዞ በ1988 ያወጣው ቅጂ እስካሁን በስፔክትረም ከተሠሩ ምርጥ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ሥዕሎቹን የሠራው ማርክ ጆንስ ነበር። ሁለቱም በጉድለት ውስጥ መልክ ፈልገው አገኙ።

በጀርመን የሆነው ደግሞ ሌላ ነው። ማንፍሬድ ትሬንዝ የተባለ ወጣት ሬይንቦው አርትስ ለተሰኘ ኩባንያ ካታኪስ የሚል ጨዋታ ለኮሞዶር 64 ሠራ። ካታኪስን ያየ ሁሉ አር-ታይፕን አየ፤ ጥይት ማከማቸቱም፣ ከፊት የሚገጠመው አካልም፣ የአለቆቹ መልክም አለ። በአውሮፓ የአር-ታይፕን የቤት ኮምፒውተር መብት የገዛው አክቲቪዥን ተቆጣ፤ ካታኪስ ከገበያ ወጥቶ ኋላ ላይ ዴናሪስ በሚል ስም ተመለሰ። ነገር ግን ጉዳዩ በቁጣ አላበቃም። አክቲቪዥን እውነተኛውን አር-ታይፕ ለኮሞዶር 64 የሚሠራለት ሰው ያስፈልገው ነበርና ሥራውን ለዚያው ለትሬንዝ ሰጠው። የአሚጋውን ቅጂ ደግሞ የካታኪስን የአሚጋ ቅጂ የሠሩት የፋክተር 5 ልጆች ሠሩት። ያን ጨዋታ ከትሬንዝ በላይ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሌላ ሰው ባይገኝ ነው። ትሬንዝ ከዚያ በኋላ ወደ ራሱ ፈጠራ ተሻግሮ በ1990 ቱሪካንን አወጣ።

ሁሉም ግን እንዲህ አልተሳካላቸውም። አምስትራድ ሲፒሲ የተባለው ኮምፒውተር ከስፔክትረም የተሻለ ቀለም ነበረው፤ በአንድ ጊዜ አሥራ ስድስት ቀለማት ማሳየት ይችላል። በ1988 የደረሰው አር-ታይፕ ግን ከስፔክትረም ኮድ በጥድፊያ የተገለበጠ ነበር። ቀለሙ ጥቂት፣ እንቅስቃሴውም የሚጎተት ሆነ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ የአምስትራድ ባለቤቶች ማሽናቸው ሊሠራው የሚችለውን ነገር እያወቁ የማይገባቸውን ቅጂ ይዘው ቀሩ። ኩባንያዎቹ ሒሳባቸውን ዘጉ፤ አምስትራድም ሲፒሲን ማምረት አቆመ። በንግድ ዓይን ጉዳዩ ያለቀ ነበር።

ለወዳጆቹ ግን አላለቀም። እ.ኤ.አ. በ2012 ኢስተር ኤግ የተባለ ቡድን አር-ታይፕን 128 ኪሎባይት ላለው ሲፒሲ እንደ አዲስ ሠርቶ በነጻ አወጣው። ቀለሙ ሞላ፣ ሙዚቃው ተስተካከለ፣ የ1988ቱ ቅጂ የነፈገው ሁሉ ገባ። ለሃያ አራት ዓመት የቆየ ቅሬታን ለማከም የምሽትና የእረፍት ቀን ጊዜያቸውን የሰጡ ሰዎች ገዢ አልነበራቸውም፤ ማሽኑ እንኳ ከሱቅ ከጠፋ ቆይቷል። ይህን ሥራ ትዝታ ብቻ ብሎ ማለፍ ይከብዳል። ትዝታ የነበረውን ይመልሳል፤ እነሱ ግን የሠሩት ጨርሶ ያልነበረውን ነው። መኖር የነበረበት ነገር ሳይኖር በመቅረቱ ቆጭቷቸው ቦታውን ሞሉት።

ሌሎች ወዳጆች ደግሞ ከዚህ በተቃራኒ ምንም አዲስ ነገር መጨመር አይፈልጉም። ሥጋታቸው የዋናው ማሽን መጥፋት ነው። የ1987 ሰሌዳዎች ላይ ያሉት የማስታወሻ ቺፖች ዘላለማዊ አይደሉም፤ በውስጣቸው የተያዘው ፕሮግራም ከዓመታት በኋላ ሊሳሳ ይችላል፣ ልዩ ቺፖቹ ሲቃጠሉም ምትክ የሚያመርት ፋብሪካ የለም። ጣሊያናዊው ኒኮላ ሳልሞሪያ በ1997 የጀመረው ሜም የተባለ ፕሮጀክት ለዚህ መልስ ሆነ። በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የድሮ ማሽኖችን ቺፖች እያነበቡ፣ ማሽኑ በትክክል እንዴት ይሠራ እንደነበር በኮድ እየጻፉ ሰነዱት። ኤም72ም ተመዘገበ። ሜም በ2016 ኮዱን ሙሉ በሙሉ ለሁሉም ክፍት አደረገ።

ከዚያ በኋላ የመጣው ሚስተር የተባለው ፕሮጀክት አንድ እርምጃ ይጨምራል። እሱ የድሮውን ማሽን በሶፍትዌር አይመስልም፤ ውስጣዊ አቀማመጡ እንደ ተፈለገ ሊደራጅ የሚችል ቺፕ ወስዶ የኤም72ን ሰርኪት ራሱን እዚያ ውስጥ ይደግማል። ጆይስቲኩ ሲነካና መንኮራኩሯ ስትንቀሳቀስ መካከል ያለችው ቅንጣት ጊዜ እንኳ እንደ ድሮው እንድትሆን ነው ጥረቱ። ላልተጫወተ ሰው ይህ የተጋነነ ጥንቃቄ ሊመስል ይችላል። በአንዲት ጥይት የሚሞት፣ መንገዱን በቅጽበት ቆጥሮ የያዘ ተጫዋች ግን ልዩነቷን ያውቃታል።

እነዚህ ሰዎች በሕግ በኩል ሁልጊዜ ምቹ ቦታ ላይ አይደሉም። የድሮውን ማሽን የሚመስል ፕሮግራም መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ የጨዋታውን ፕሮግራም መቅዳትና ማከፋፈል ሌላ ነው፤ መብቱ የኩባንያ ነው። ሆኖም ባለመብቱና ባላደራው ሁልጊዜ አንድ አይደሉም፤ የአይሬም የራሱ ታሪክ ይህን ያሳያል።

አይሬም ተከታታዮቹን ሲያወጣ ቆይቶ በ2003 ለፕሌይስቴሽን 2 የሠራውን አር-ታይፕ ፋይናል አለው። ስሙ መሰናበቻ ነበር፤ ከመቶ በላይ የተለያዩ መንኮራኩሮች ያሉት፣ የቀረ ነገር እንዳይኖር ተደርጎ የተጫነ ስንብት። ተጫዋቹ ከሚመርጣቸው የክብደት መጠኖች ከባዱ አር-ታይፐር ይባላል፤ በወዳጆቹ ስም መሆኑ ነው። በ2011 አይሬም አዳዲስ የቪዲዮ ጌም መሥራቱን ተወ። የአር-ታይፕ ፋይናል መሪ የነበረው ካዙማ ኩጆ ከቀድሞ ባልደረቦቹ ጋር ወጥቶ ግራንዜላ የተባለ አነስተኛ ኩባንያ መሠረተ።

በኤፕሪል 1 ቀን 2019 ግራንዜላ አር-ታይፕ ፋይናል 2ን እየሠራ መሆኑን አስታወቀ። የአይሬም ሰዎች በየዓመቱ ለኤፕሪል ዘ ፉል ያዘጋጁት በነበረው ትልልቅ ቀልድ ይታወቃሉና ብዙው ሰው አላመነም። እውነት ነበር። በዚያው ዓመት ኪክስታርተር ላይ ገንዘብ ሲጠየቅ ወዳጆች ከየአገሩ አዋጡ፤ ጨዋታው በኤፕሪል 2021 መጨረሻ ወጣ። ከዚያም በኋላ የድሮ ደረጃዎች በአዲስ መልክ ተሠርተው ተጨመሩለት። ተሰናብቶ የነበረ ጨዋታ በተጫዋቾቹ መዋጮ ተመልሶ መጣ፤ የሠሩትም ቀድሞ የሠሩት እጆች ናቸው።

እንግዲህ አር-ታይፕን በሕይወት ያቆዩት ሦስት ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ እንደነበረ የሚጠብቁ፣ ያላገኘውን የሚሰጡት፣ ወደፊት የሚያስቀጥሉት። አንዱ ያለ ሌላው ይጎድላል። እንደነበረ ካልተጠበቀ የሚያስቀጥለው ሰው ከምን ይነሳል? የሚያስቀጥል ከጠፋ ደግሞ የተጠበቀውን አዲስ ትውልድ ለምን ብሎ ይከፍተዋል?

በእነዚህ ሁሉ መካከል ገና ብዙ ሥራ የሚጠብቀው አንድ ነገር አለ፤ የሠሪዎቹ ታሪክ። በ1980ዎቹ የጃፓን ኩባንያዎች ሠራተኞቻቸውን ተፎካካሪ እንዳይወስድባቸው በቅጽል ስም ይሸፍኗቸው ነበር። በዚያ ዘመን ጨዋታዎች መጨረሻ ላይ ከሚያልፉት ስሞች ብዙዎቹ የሰው ስም ሳይሆኑ መጠሪያ ብቻ ናቸው። ሰሌዳው ተነቧል፣ ቺፑ ተገልብጧል፤ ያንን የጦር መርከብ አንድ ደረጃ ሙሉ እንዲሆን የወሰነው ሰው ምን እያሰበ እንደነበር ግን በኤም72 ውስጥ አይገኝም። ቦብ ፔፕ በ2013 የስፔክትረሙን ቅጂ እንዴት እንደሠራ የሚተርክ ሙሉ መጽሐፍ ጽፎ በነጻ ለቀቀ፤ ችግሩን፣ የሥራ ቀጠሮውን፣ የተቆረጠውንና የተረፈውን ሁሉ ዘረዘረ። የዚያ ዘመን ሠሪዎች ዛሬ በዕድሜ የገፉ ናቸው። ቺፕ ለማንበብ ሌሊቱን የሚያነጋው ወዳጅ ከነሱም ፊት ቁጭ ብሎ ቢጠይቅና ቢመዘግብ፣ ለአር-ታይፕ የሰበሰበው ቅርስ በእጅጉ ይሰፋል።