ጉልበትና ስፍራ

አባቶቻችን ስፍራን የሚለኩት በገዛ አካላቸው ነበር። ሸማው በክንድ፣ የእንጨቱ ውፍረት በጋት፣ የቤቱ ወርድ በእርምጃ ይለካ ነበር። ልኩ ከሰው አካል የተቀዳ በመሆኑ ረዥሙ ሲለካና አጭሩ ሲለካ ልዩነት መፈጠሩ አልቀረም፤ በገበያም ብዙ ክርክር አስነሥቷል። ይሁን እንጂ በዚያ አሠራር ውስጥ አንድ ግልጽ ነገር ነበረ። ይኸውም ሰው የነገሮች ልክ እንጂ ነገሮች የሰው ልክ አለመሆናቸው ነው። ይህን የቆየ ጉዳይ ደጋግሞ የሚያስታውሰኝ አውሮፕላን ነው። በአውሮፕላን ውስጥ፣ በተለይም የኢኮኖሚ ማዕረግ በሚባለው ክፍል፣ ወንበሩ አስቀድሞ ተለክቶ ያልቃል፤ ሰው ኋላ ይመጣና በወንበሩ ልክ ይታጠፋል።

እኔ የሥዕል መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ የሰውን አካል መጠን ሳስተምር፣ የቆመውን ሰው መለካት ቀላል መሆኑን፣ የተቀመጠውን መሣል ግን ፈተና መሆኑን ሁልጊዜ እነግራቸዋለሁ። ሲቆሙ እኩል የሆኑ ሁለት ሰዎች ሲቀመጡ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፤ የአንዱ ርዝመት ከወገቡ በላይ፣ የሌላው ርዝመት በጭኑ ላይ ነውና። ስለዚህ በወንበር ላይ ብዙ ሰዓት ለሚቆይ ሰው ወሳኙ ልክ ጠቅላላ ቁመቱ ሳይሆን ከመቀመጫው ጀርባ እስከ ጉልበቱ ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። እኔም ተፈጥሮ ጭን ካረዘመችላቸው ወገን በመሆኔ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን በተጓዝኩባቸው ጊዜያት ይህንኑ ትምህርት በራሴ አካል ላይ አጥንቼዋለሁ። ቋንቋችን እግር የሚታጠፍበትን መገጣጠሚያና የሰውን ኃይል በአንድ ቃል «ጉልበት» ብሎ መጥራቱ በከንቱ እንዳልሆነ የተገነዘብኩትም እዚያው ነው። በዚያ ጠባብ ስፍራ ጉልበት ያለው ጉልበቱን ይዘረጋል፤ ጉልበት የሌለው ጉልበቱን ያጥፋል።

ለመሆኑ ስፍራው ምን ያህል ነው? በረዥም በረራ የኢኮኖሚ ማዕረግ፣ ከአንዱ ወንበር ጀርባ ተነሥቶ እስከ ፊተኛው ወንበር ጀርባ የሚለካው ርቀት በአብዛኛው 31 ወይም 32 ኢንች፣ ማለት ወደ 80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ ልክ ግን የወንበሩን የራሱን ውፍረት ስለሚጨምር ለጉልበት የሚተርፈው ከዚያ ያነሰ ነው። በዚህም ምክንያት የወንበሩ ጀርባ የሳሳ አውሮፕላን፣ ርቀቱ በወረቀት ላይ ያው ሆኖ ሳለ፣ ለጉልበት ጥቂት ፋታ ይሰጣል። ወርዱ ደግሞ 17 ወይም 18 ኢንች ነው። ይህን በአባቶቻችን ልክ ብንተረጉመው፣ ለአንድ ሰው የተመደበው ወርድ ሁለት ስንዝር መሆኑ ነው።

እርግጥ ነው፣ የአየር ጉዞ ከጥንቱ የምቾት ጉዞ ነበር ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ባደረገበት ዘመን፣ ከጦርነቱ የተረፉት ሲ 47 አውሮፕላኖች መንገደኛውን በግራና በቀኝ በተዘረጉ ታጣፊ አግዳሚዎች ላይ ያስቀምጡ፣ ዕቃውን በመካከል ይጭኑ ነበር። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ይበር የነበረው ባለጸጋ መንገደኛ በዚያን ጊዜ እግሩን ዘርግቶ ይጓዝ ነበር፤ ነገር ግን የቲኬቱን ዋጋ መክፈል የሚችለው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 በዚያው መስመር ላይ ርካሹ የቱሪስት ማዕረግ፣ በ1958 ደግሞ የኢኮኖሚ ማዕረግ ሲጀመር ረድፎቹ ተቀራረቡ፤ በሩም ለብዙ ሰው ተከፈተ። እንደ እኔ ያለ መምህር ውቅያኖስ ተሻግሮ ዘመዶቹን ለማየት የቻለው በዚሁ መቀራረብ ምክንያት ነው። ይህን ውለታ መካድ አይገባም።

ነገር ግን መጠጋጋቱ ማቆሚያ አልተበጀለትም። ቦይንግ 787 የተባለው አውሮፕላን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሲነደፍ በኢኮኖሚ ማዕረግ በአንድ ረድፍ ስምንት ወንበር ሊይዝ እንደሚችል ታስቦ ነበር። ከገዙት አየር መንገዶች አብዛኞቹ ግን ዘጠኝ አደረጉት። የጃፓን አየር መንገድ በረዥም በረራዎቹ ስምንቱን በመጠበቁ በመንገደኞች ዘንድ በስም የሚጠራ ሆኗል። አገራችን ይህን አውሮፕላን በ2004 ዓ.ም. ከአፍሪካ ቀድማ ስትረከብ ሁላችንም ኮርተናል፤ በእኛም ዘንድ ረድፉ ሦስት፣ ሦስት፣ ሦስት ሆኖ ዘጠኝ ነው። የዘጠነኛው ወንበር ስፍራ ከየት መጣ ቢባል፣ ከስምንቱ ሰዎች ትከሻ ላይ ጥቂት ጥቂት ተቆርሶ ነው። የቲኬቱም ዋጋ በመጠኑ የረከሰው በዚሁ ቁራሽ ነው።

እንግዲህ መንገደኛው ለዚህ ልዩ ልዩ መላ አበጅቷል። ከሁሉ አስቀድሞ የሚፈለገው በአደጋ ጊዜ መውጫው በር አጠገብ ያለው ረድፍ ነው። በዚያ እግር እንደልብ ይዘረጋል። ሆኖም ስፍራው የተተወው ለጉልበታችን ምቾት ሳይሆን ሕይወት ለማዳን ነው። እዚያ የሚቀመጥ ሰው በሩን ለመክፈት አቅም ያለው፣ የአስተናጋጆቹን ትእዛዝ የሚረዳ፣ ሕፃን ያልያዘ መሆን አለበት። ሁለተኛው በክፍል መለያው ግድግዳ ፊት ያለው ረድፍ ነው። ከፊቱ ወንበር ስለሌለ ማንም ወደ ኋላ አይለጠጥበትም። ነገር ግን የመመገቢያው ጠረጴዛ በክንድ ማሳረፊያው ውስጥ ስለሚታጠፍ ማሳረፊያው አይነሣም፤ ወንበሩም ይጠብባል። ደግሞም የሕፃናት አልጋ የሚንጠለጠለው በዚያ ግድግዳ ላይ ስለሆነ፣ ሕፃን የያዘች እናት ከመጣች ቅድሚያው የእሷ ነው፤ መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው።

ሁለት ሆነው የሚጓዙ ሰዎች ደግሞ አንዱ የመስኮቱን፣ ሌላው የመተላለፊያውን ወንበር መርጠው መካከለኛው ባዶ እንዲቀር ይመኛሉ። አውሮፕላኑ ካልሞላ ምኞቱ ይሠራል፤ የክረምት ዕረፍትና የበዓል ሰሞን ግን አይታሰብም። በሩ ተዘግቶ፣ አውሮፕላኑ ተነሥቶ፣ የቀበቶው መብራት ከጠፋ በኋላ አስተናጋጇን በትሕትና ጠይቆ ወደ ባዶ ረድፍ የሚዛወርም አለ። ገንዘብ ያለው የጎኑን ወንበር ጨምሮ ይገዛል። የኒውዚላንድ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሦስቱ ወንበሮች እግር ማሳረፊያ ወደ ላይ ተነሥቶ እንደ መደብ የሚሆንበትን አሠራር አቅርቧል። ከሁሉም የሚቀለውና ዋጋ የማይጠይቀው መላ ግን ቦርሳን ከእግር ሥር አንሥቶ ከላይ ካለው ሳጥን ማስቀመጥ ነው። ብዙ ሰው ጠበበኝ የሚለውን ስፍራ ግማሹን ለቦርሳው ያከራየው ራሱ ነው።

እነዚህ መላዎች ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ። አውሮፕላኑ አይሰፋምና፣ አንዱ ያገኘው ትርፍ ስፍራ ሌላው ያላገኘው ነው። ይህ ይበልጥ የሚታየው ወንበር ወደ ኋላ በሚለጠጥበት ጊዜ ነው። የሚለጠጠው ሰው «ቁልፉ የተሠራልኝ ልጠቀምበት ነው» ይላል፤ ከኋላው ያለው ደግሞ «ጉልበቴ የእኔ ነው» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2014 በአሜሪካ ከኒውአርክ ወደ ዴንቨር ይበር በነበረ አውሮፕላን ላይ አንድ መንገደኛ የፊተኛው ወንበር እንዳይለጠጥ የሚያግድ ትንሽ የፕላስቲክ መቆለፊያ በጠረጴዛው ላይ በመግጠሙ ጠብ ተነሥቶ፣ አውሮፕላኑ ቺካጎ ላይ ለማረፍ ተገድዷል። ስፍራውን ያጠበበው ሦስተኛ ወገን በሥፍራው ሳይኖር፣ ሁለት ተበዳዮች እርስ በርሳቸው ተካሰሱ።

በእኛ ዘንድ ግን የተለመደው ጠብ አይደለም፤ ዝምታ ነው። በአንድ ጉዞዬ እኔ በመተላለፊያው በኩል፣ አንዲት ወጣት በመስኮቱ በኩል፣ በመካከላችን ደግሞ አንዲት አረጋዊት እናት ተቀምጠን ነበር። ወልዳ የተኛች ልጃቸውን ለማረስ የሚሄዱ ነበሩ፤ ከአገራቸው ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነው። ቅቤና በርበሬ የቋጠሩበትን ቦርሳ «ከዓይኔ አይራቅ» ብለው ከእግራቸው ሥር አድርገውታል። ስድስት ሰዓት ያህል ስንበር እናቲቱ አንድ ጊዜም አልተነሡም። ውሃ ሲቀርብላቸው በእጃቸው እየከለከሉ አመስግነው ይመልሳሉ።

«እማማ፣ ውሃውን ለምን ተዉት?» አልኳቸው።

«ከጠጣሁ መነሣት ይመጣል። ከተነሣሁ ደግሞ አንተን ማስቸገር ነው፤ እንቅልፍህን ተኛ ልጄ።»

«እኔም መነሣት እፈልጋለሁ፤ ጉልበቴ ተሳስሮብኛል። አብረን እንነሣ።»

የእኔን ወንበር እንዲይዙ ብለምናቸው «አንተ እግርህ ረዥም ነው፤ ለእኔ ይኸው ይበቃኛል» ብለው እምቢ አሉ። ቦርሳቸውን ግን ከራሳቸው በላይ ባለው ሳጥን ውስጥ፣ በሩ ሲከፈት በሚያዩበት ቦታ እንዳስቀምጥላቸው ፈቀዱ። በመካከላችን የነበረውን የክንድ ማሳረፊያ አነሣነው። ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ እኔ ስነሣ እሳቸውም ይነሣሉ፤ ቆይቶም ወጣቷ ተከተለችን። ሦስታችንም እስከ አውሮፕላኑ ጅራት ሄደን፣ ጥቂት ቆመን፣ ውሃ ጠጥተን እንመለሳለን። የረድፋችን ስፍራ በአንድ ኢንች እንኳ አልጨመረም። ነገር ግን ስፍራው ከዚያ ወዲያ የሦስታችን ሆነ። በብዙ ጉዞዬ ካገኘኋቸው ሰፋፊ ወንበሮች ሁሉ ያ ረድፍ የሰፋ ሆኖ ይታየኛል።

እናቲቱን ያሰራቸው ቀበቶው አልነበረም፤ ይሉኝታ ነበር። ይሉኝታ ከመልካም ባህላችን አንዱ ነው፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ብዙ ሆነን ሳንጋፋ የኖርነው በእሱ ነው። ነገር ግን ባላገኘነው ስፍራ ላይ ያገኘነውን ሲያስተወን ይጎዳል። ጉዳቱም የስሜት ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት፣ ከአራት ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ ተቀምጦ መጓዝ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ ገደማ እንደሚያሳድግ አመልክቷል። አደጋው ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ከ6,000 መንገደኞች በአንዱ ላይ የሚደርስ ያህል ነው። በአውቶቡስና በባቡርም ያው ነው። ነገሩ የወንበሩ ማዕረግ ሳይሆን እንደ ተቀመጡ መቅረት ነው። መንቀሳቀስ፣ ባትን ማፍታታትና ውሃ መጠጣት የሚመከረውም ለዚሁ ነው። በመካከለኛው ወንበር ተቀምጦ ሰውን ላለማስቸገር ውሃ የሚተው አረጋዊ ግን ምክሩን በሦስቱም በኩል ይተላለፋል።

ሆኖም ሁሉን ነገር ለመንገደኛው ደግነት መተው ፍትሕ አይደለም። ጎረቤቴ ደግ ሰው ከሆነ እተነፍሳለሁ፣ ካልሆነ እታፈናለሁ ማለት መብትን ዕጣ ማድረግ ነው። በካናዳ የትራንስፖርት ባለሥልጣኑ እ.ኤ.አ. በ2008 በሰጠውና በ2009 ሥራ ላይ በዋለው ውሳኔ፣ በአካል ጉዳት ወይም ጉዳት በሆነ ውፍረት ምክንያት ሁለት ወንበር ለሚያስፈልገው ሰው በአገር ውስጥ በረራ ሁለተኛውን ወንበር ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንዲያገኝ አድርጓል። የዚህ ውሳኔ ቁም ነገር ትርፍ ስፍራ ለከፈለ ብቻ ሳይሆን ለቸገረው ጭምር እንደሚገባ ማወቁ ነው። በአሜሪካም ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ሕግ የአቪዬሽን መሥሪያ ቤቱ ዝቅተኛውን የወንበር ልክ እንዲወስን አዟል። መሥሪያ ቤቱ መንገደኛ በ90 ሴኮንድ ውስጥ፣ በመውጫዎቹ ግማሽ ብቻ ወጥቶ እንዲያልቅ ከሚጠይቀው ደንብ አንጻር በኦክላሆማ ከተማ ሙከራ አደረገ። በ2022 የሕዝብ አስተያየት ሲጠይቅም ከ26,000 በላይ ምላሽ ደረሰው። ሕጉ ከወጣ አምስት ዓመት ሲሞላው ግን ልኩ ገና አልተቆረጠም ነበር።

በእኔ አስተያየት የሁለቱ ወገን ሥራ የተለያየ ነው። ሕግ «ከዚህ በታች አይወረድም» የሚለውን ስንዝር ይቁረጥ፤ ሲቆርጥም ወንበሩን ሳይሆን የተቀመጠውን ሰው ይለካ፤ ከወጣቱ ጋር አረጋዊውን፣ ከቀጭኑ ጋር ወፍራሙን፣ ከአጭሩ ጋር ረዥሙን። ከዚያ በላይ ያለውን ደግሞ ባህል ይሙላው። እናቱን ለረዥም መንገድ የሚያሰናዳ ልጅ ቲኬቱን ሲቆርጥ የመተላለፊያውን ወንበር ይምረጥላት፤ ቦርሳዋን ያቅልልላት። ከሁሉም በላይ ደግሞ «ለመነሣት ፈቃድ ጠይቂ፤ ማስቸገር አይደለም» ብሎ አስቀድሞ ይንገራት። ከጎኗ የሚቀመጠውም ሰው እስክትጠይቀው አይጠብቅ፤ ቀድሞ ይነሣ።